የሉማ ካብ

እኔ ሹም ነኝ፤ የሠላሳ ሁለት ድንኳን ሹም። ሹም ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሥራዬ ወታደሮች ሲመጡ ሻይ ማፍላት፣ ሲቆጡ ራሴን መነቅነቅ፣ ሲሄዱ ደግሞ የመንደሩን ስድብ መቀበል ነው። ከስድቡ ሁሉ የሚብሰው ግን የአባቴ እህት አኔ ኩንዜስ (አኔ በኛ አክስት ማለት ነው) "ሹም ሆይ" ብላ ስትጠራኝ ነው። እሷ እየሳቀች ነው የምትለው።

አኔ ኩንዜስ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቁመቷ ከደረቴ አያልፍም። ሁለት መቶ የሚሆኑ ፍየሎች አሏት፤ ቆጥራቸው ግን አታውቅም። የምታውቃቸው በመልክ ነው። ወደ በረት ሲገቡ በሩ ላይ ቆማ ታያቸውና "ያቺ ጆሮ ቆራጣ የት ቀረች?" ትላለች። ሄደን ስንፈልግ ጆሮ ቆራጣዋ አንዱ ቋጥኝ ሥር ተኝታ ትገኛለች። ሰውን፣ እንስሳን፣ ድንጋይን ሳይቀር አንዴ ካየች አትረሳም። ይህ ጠባይዋ በኋላ ጉድ አፍልቶብኛል፤ እደርስበታለሁ።

የምነግራችሁ ሁለት ታላላቅ መንግሥታት ቁጭ ብለው እሷን ስላዳመጡበት ቀን ነው። ዛሬም ሳስበው ጠጉሬ ይቆማል። በዚያ ቀን ያጠፋሁትንም አልደብቅም፤ እኔ ብደብቀው በህንድ ሰሜን ጫፍ ያለው የኛ የላዳክ እረኛ ሁሉ ያወራዋል።

ሉማ የአኔ ኩንዜስ የክረምት ግጦሽ ነው። ክረምት ስል ዝናብ አይደለም፤ የኛ ክረምት በረዶና ነፋስ ነው። ሌላው አገር በበረዶ ሲቀበር ሉማን ነፋሱ ይጠርገዋል፤ ሣሩ ወጥቶ ይታያል። ፍየሎች የሚወልዱት ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ሉማ የወለደች ፍየል ወተት አላት፤ ግልገሏ ይተርፋል። ሌላ ቦታ የወለደች ራሷም አትተርፍም።

በሉማ መካከል አንድ ቀጭን ወንዝ ያልፋል። ማዶው ቲቤት ነው። መስመሩ ግን የት ጋ እንደሚያልፍ ያየ ሰው የለም። ደልሂ ያለው ካርታ ከወንዙ ወዲያ ያሳልፈዋል፤ ቤይጂንግ ያለው ካርታ ከወንዙ ወዲህ። እኛ የምናውቀው ወንዙን ብቻ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሁለቱም ወታደሮች መጥተው በሁለቱ ሸንተረሮች ላይ ተፋጠጡ። ከዚያ በኋላ ሦስት ክረምት ሉማ ለእረኛ ተዘጋ።

በሦስተኛው ክረምት አኔ ኩንዜስ ፍየሎቿን ይዛ ነፋስ በማይጠርገው ሸለቆ ውስጥ ከረመች። በረዶው ሲቀልጥ ልጠይቃት ሄድኩ። ድንኳኗ በር ላይ ተቀምጣ እጇን እያየች ነበር። ሰማንያ ሰባት ግልገል ሞቱብኝ አለችኝ። በቁጥር ስትናገር የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ለምን እንደቆጠረች ስጠይቃት መልካቸውን ሳልለምደው ሞቱ፣ ሌላ በምን አስታውሳቸው አለችኝ።

ልጇ ፓልሞ ሌህ ከተማ ነው የምትኖረው። ፍየሎቹን ሽጪና ከኔ ጋር ኑሪ እያለች ዓመት ሙሉ ስትነዘንዛት ኖራለች። አኔ ኩንዜስም በዚያ በጋ ቃሏን ሰጠች። ዘንድሮ ሉማ ካልገባች ፍየሎቹን ሸጣ ከተማ ትገባለች። ይህን ስትለኝ አላለቀሰችም። እኔ ግን ወደ ያኮቼ፣ ወደ ጠጉራሞቹ የጭነት በሬዎቼ፣ ዞሬ ዓይኔን ጠረግሁ።

በመከር ወራት ሉማ ላይ ያለው የድንጋይ ካብ ነገር አመጣ።

ካቡ ከወንዙ ወዲህ፣ ከሜዳው ዳር ነው ያለው። ደረቴ ድረስ ይደርሳል። ሉማ የከረመ ቤት ክረምቱ አልቆ ሊነሣ ሲል አንድ ድንጋይ ያስቀምጣል፤ ቅቤ በአውራ ጣቱ ይቀባዋል፤ ይሄዳል። ለአንድ ክረምት አንድ ድንጋይ። ያልከረመ አያስቀምጥም። ሕጉ ይኸው ነው፤ ሌላ ጸሎትም የለው፣ ሥነ ሥርዓትም የለው። ይህን ካብ ከሰማይ በሚያነሡት ፎቶ አዩትና የወዲያዎቹ ወታደሮች ጥያቄ አነሡ። የድንበር ምልክት ነው፣ ትናንት የተሠራ ነው አሉ። የኛዎቹ ደግሞ የእረኞች ነው፣ የጥንት ነው አሉ። አንድ ወር ሙሉ ደብዳቤ ተጻጻፉ። በመጨረሻ ሁለቱም ካቡ ዘንድ ተገናኝተው ሊያዩት ቀን ቆረጡ።

የኛ ሻለቃ ድንኳኔ መጥቶ ካቡን የሚያውቅ ሰው አምጣ አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ ሻዬን ሳያማርር ይጠጣል። ሲወጣ ግን አንድ ነገር ተናገረ። እረኞች ሉማን ሳያቋርጡ እንደተጠቀሙበት ከታየ ግጦሹ ሊከፈት ይችላል አለ። እሱ ይህን ብሎ ሄደ። እኔ ግን "ሳያቋርጡ" የምትለው ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረች። ሦስት ክረምት ተቋርጧል። ሦስት ድንጋይ ጎድሏል። ሦስት ድንጋይ ምን አላት? አልኩ ለራሴ።

በማግስቱ የስብሰባውን ድንኳን ለመትከል ከወታደሮቹ ጋር ወደ ሉማ ወጣሁ። በካፖርቴ ውስጥ ከበረቴ አጥር የነቀልኳቸው ሦስት ነጫጭ ድንጋዮች ነበሩ። ሰው ዞር ሲልልኝ ካቡ ጫፍ ላይ ደረደርኳቸው። ስመለስ ደስ ብሎኝ እያፏጨሁ ነው የወረድኩት። አኔ ኩንዜስን አዳንኳት ብዬ ነበር፣ እኔ ብልጡ!

ቀኑ ደረሰ። ከዚህ አንድ ባንዲራ፣ ከዚያ አንድ ባንዲራ፤ በመካከል ተጣጣፊ ጠረጴዛ። ካሜራ የያዙ ወታደሮች በሁለቱም በኩል ቆመዋል። ከኛ ሻለቃው፣ ከወዲያ መነጽር ያደረገ አንድ አዛዥ። ሁለቱ እርስ በርሳቸው ቋንቋ አይግባቡም። አኔ ኩንዜስ የምትናገረውን እኔ ለሻለቃው በሂንዲ እነግራለሁ። ለአዛዡ የሚነግረው ደግሞ የወዲያዎቹን ልብስ የለበሰ አንድ ወጣት ነው፤ ጉንጩ እንደኛው በብርድ የተቃጠለ ቲቤታዊ። ስሙን ጊዩርሜ ብለው ሲጠሩት ሰማሁ። ደልሂና ቤይጂንግ የሚነጋገሩት በእረኛ ቋንቋ ነው ማለት ነው!

አኔ ኩንዜስ መቁጠሪያዋን እያንከባለለች፣ በሶዋን በከረጢት አንጠልጥላ በእግሯ መጣች። ባንዲራዎቹን ቀና ብላ አየች።

"ይሄ ሁሉ ጨርቅ ለኔ ካብ ነው?" አለች።

አልተረጎምኩትም። ጊዩርሜም አልተረጎመውም፤ ከንፈሩን ነክሶ መሬት መሬት አየ።

ሻለቃው በአክብሮት፣ እናቴ፣ ይህን ካብ ማን እንደሠራውና መቼ እንደሠራው ቢነግሩን አላት። እሷ አፏን ከምትከፍት እጇን ዘረጋች። ካብ ቁልቁል እየተፈታ ነው የሚነገረው አለችና ከላይ ያለውን ድንጋይ አነሣች። አገላበጠችው። ቅቤውን ፈልጋ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ሁለተኛውንም አነሣች፤ ሦስተኛውንም።

"እነዚህ የኔ አይደሉም" አለች። "ይሄኛው ከራብጋይስ በረት ነው። ጥጃዋ የምትታከክበት ድንጋይ ነው፤ ይኸው ጠጉሯም አለበት።"

ራብጋይስ ማለት እኔ ነኝ። ተርጓሚውም እኔው ነኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ! ጊዩርሜ ለአዛዡ ነግሮ ጨርሷል፤ አዛዡ መነጽሩን አስተካክሎ እኔን ያያል። ሻለቃውም ያየኛል። ምን ልበል? ያለችውን ቃል በቃል ተረጎምኩ። ራብጋይስ ማን ነው ብሎ ሻለቃው ጠየቀኝ፤ እያወቀ። እኔ ነኝ አልኩት። ፊቱ ቀላ፤ እኔም እንደዚያው።

አኔ ኩንዜስ ሦስቱን ድንጋዮች እግሬ ሥር አስቀመጠችና ቀጠለች። በነዚያ ሦስት ክረምቶች ሉማ አልከረምኩም፣ ስለዚህ ድንጋይ የለኝም፣ የከለከለኝ ማን እንደሆነ እናንተው ተነጋገሩበት አለች። ሁለቱም መኮንኖች ወዲያና ወዲህ አዩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቃል መናገር ይከብደኛል። አራተኛውን ድንጋይ አነሣች። ይሄ ጥቋቁር ግልገሎች ብቻ የተወለዱበት ክረምት ነው አለች። አጠገቧ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ይሄ የበረዶ ነብሩ ክረምት ነው፤ አንካሳዋን ወሰደብኝ። ይሄ ባሌ የሞተበት ነው። ሳታቋርጥ ወደሚቀጥለው አለፈች። ይሄ ጨው ያለቀበት። ይሄ ፓልሞን የወለድኩበት፤ እዚያ ጉብታ ሥር፣ ፍየሎቹም በዚያው ቀን ይወልዱ ነበር፣ ለኔ የደረሰልኝ ሰው አልነበረም። ይሄ ያገባሁበት፤ ባሌ ፍየል ማለብ አያውቅም ነበር፣ ስቄ ልሞት። አንድ ድንጋይ፣ አንድ ክረምት። እያንዳንዱ ላይ የደረቀ የቅቤ ጥቁረት አለ። ሃምሳ ሰባት ድንጋይ እንዲህ አወረደች። አንዱን እንኳ ቆም ብላ አላሰበችበትም።

ካሜራ የያዙት ወታደሮች ካሜራቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። አዛዡ መጻፉን ትቶ ብዕሩን እንደያዘ ቀረ። ሁለቱም ያን ያህል ካርታ፣ ያን ያህል መድፍ፣ ከሰማይ የሚያይ ዓይን አላቸው። አንዲት ከደረቴ የማታልፍ ሴት ግን ዕድሜዋን ሙሉ በእጇ እያነሣች ስታስቀምጥ ሲያዩ ትንፋሽ አጡ። እኔም ለስንት ዓመት ካቡ አጠገብ ሳልፍ ድንጋይ ብቻ ነበር የሚታየኝ። አፈርኩ፤ ፈራሁም፤ ኮራሁም።

ከሃምሳ ሰባተኛው በታች የድንጋዩ መልክ ተለወጠ። ከውጭ ሲያዩት የድንጋይ ሽበት ስለሸፈነው አንድ ዓይነት ይመስላል። እሷ ስታነሣው ግን ጥቁር ሆኖ ወጣ። በኛ ዳርቻ ጥቁር ድንጋይ የለም። ጥቁሩ የሚገኘው ከወንዙ ማዶ ነው።

"ይሄ የኛ አይደለም" አለች። "የማዶዎቹ ነው፤ የነድሮልካር ቤት። ከኛ ጋር አብረው ነበር የሚከርሙት። ይሄን ራሷ ድሮልካር ናት ያስቀመጠችው። ዘጠኝ ዓመታችን ነበር። እኔ ነጩን፣ እሷ ጥቁሩን፣ ባንድ ቀን። ከዚያ ወንዙ ተዘጋ።"

የሻለቃው ፊት ሲወድቅ አየሁ። ይህ ማለት ከወዲያም ሰው ይከርም ነበር ማለት ነው፤ ይህ ለነሱ ማስረጃ ነው። ሌላ ሴት ብትሆን ኖሮ ሃምሳ ሰባቱን ቆጥራ በቃኝ ትል ነበር። እሷ ጥቁሩን በአንድ እጇ፣ ነጩን በሌላ እጇ እየያዘች ወረደች። ሃምሳ አምስት ነጭ፣ አርባ ዘጠኝ ጥቁር። የነድሮልካርን ክረምቶች ከእናቷ በቃሏ ተምራለች፤ እነሱንም በየስማቸው ጠራቻቸው።

በዚህ መካከል ጊዩርሜ መተርጎሙን አቆመ። አዛዡ ሁለት ጊዜ ጠራው። ጊዩርሜ ዓይኑን ከጥቁሩ ድንጋይ ላይ አልነቀለም። አኔ ኩንዜስ ያን ጊዜ ቀና ብላ ፊቱን አየችው፤ ፍየሎቿን በበረት በር ላይ እንደምታያቸው አድርጋ፣ ቀስ ብላ።

"የማን ልጅ ነህ?" አለችው።

ጊዩርሜ ዓይኑን ከድንጋዩ ላይ ነቀለ። ከዚያ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆመ።

"እኔ እዚህ የመጣሁት ልተረጉም ነው፣ እናቴ" አላት።

እሷም እሺ ልጄ አለችውና ድንጋዮቹን መመለስ ጀመረች። ማንም ሳያዝዝ ወታደሮቹ ከሁለቱም በኩል ተንበርክከው ያቀብሏት ጀመር። ቅደም ተከተሉን አንዳንዴ ሲሳሳቱ አይ፣ ያኛው ነው እያለች ታርማቸዋለች። ሳይመሽ ካቡ እንደ ነበረ ቆመ፤ ከኔ ሦስቱ በስተቀር። እነሱን ወደ ወሰድክበት መልስ ሹም ሆይ አለችኝ። ሦስት ድንጋይ ተሸክሜ ያን ያህል ቁልቁለት ወረድኩ። እንደዚያ የከበደኝ ሸክም የለም።

መንገድ ላይ ሻለቃው ጥቁሮቹን ባትናገር ምን ነበረበት ብሎ አዘነብኝ። ወደ እሷ ተርጉሜ ጠየቅኋት። ድንጋዮቹ እኮ እዚያው ናቸው፣ እኔ ዝም ብል ይነጣሉ እንዴ አለች። እንደዚያው ተረጎምኩለት። ሻለቃው ብቻውን ሳቀ።

ወረቀቱ ወደየዋና ከተማው ሄደ። ሃያ ስድስት ቀን ጠበቅን። ፓልሞ ከሌህ ፍየል ገዢ ይዛ መጣች፤ ገዢው ፍየሎቹን እየዞረ ሲያያቸው አኔ ኩንዜስ ጀርባዋን ሰጥታ በሶዋን ታቦካ ነበር። በሃያ ሰባተኛው ቀን ሻለቃው ራሱ መጣ። ነገሩ ገና አልተቆረጠም፤ እስኪቆረጥ ግን ወታደር ከሸንተረር አይወርድም፣ ድንጋይ ያላት ሴት በዚህ ክረምት ትገባለች አለ። ለሚቀጥለው ክረምት በጸደይ ካቡን ዳግም አይተው ይወስናሉ። ከወዲያ ይህን የደገፈው አዛዡ ነው አለኝ፤ በሦስቱ ክረምት አልነበርኩም ያለች ሴት በሌላውም አትዋሽም ብሎ። ይህን ስሰማ ሦስቱን ድንጋዮቼን አስታወስኩ። እዚያው ቢቀሩ ኖሮ እኔ ነበርኩ ሉማን የማዘጋባት። ጆሮዬ እስኪግል አፈርኩ።

አኔ ኩንዜስ ሉማ ከረመች። ጸደይ ሲገባ ግልገሎቹን በያክ ጭነት ለማውረድ ወጣሁ። ሉማ ስደርስ ግልገሎቹ ሜዳው ላይ ይዘላሉ። ስንት ናቸው አልኳት። እኔ ምን አውቄ፣ ሁሉንም ግን በመልክ አውቃቸዋለሁ አለችኝ። በደስታ ፈነደቅሁ፤ ሽማግሌ ሹም አይፈነድቅም ቢባልም።

ለመነሣት ድንኳኑን አፈረስን። ነጭ ድንጋይዋንና ቅቤዋን ይዛ ወደ ካቡ ሄድን። ካቡ ላይ ድንጋይ ነበር።

ጥቁር፣ አዲስ ድንጋይ። ከወንዙ ማዶ የመጣ። ላዩ ላይ ቅቤ በአውራ ጣት ተቀብቶበታል።

ደሜ ፈላ። በሚቀጥለው ሳምንት ሻለቃውና አዛዡ ካቡን ሊያዩ ይመጣሉ። ይህን ጥቁር ድንጋይ ካዩ የወዲያዎቹ ሉማ ዘንድሮም የኛ ነበር ሊሉ ነው፤ ግጦሹ ዳግም ሊዘጋ ነው። ወታደር አይወርድም ተብሎ ተደብቀው ወርደዋል፤ ተንኮል ነው አልኩ። ድንጋዩን አነሣሁና ወደ ወንዙ ልወረውረው እጄን አነሣሁ።

"መልሰው" አለች።

"አኔ፣ ይሄ ሉማን ያዘጋብሻል። ሰማንያ ሰባቱን ረሳሽ?"

እሷ ወደ ማዶው ሸንተረር ቀና አለች። እኔም አየሁ። የወዲያዎቹ ምሽግ እዚያ ነው። ከጣሪያው ጭስ ይወጣል። ጠዋት ጠዋት እሳት ስታነድ እዚያም እሳት እንደሚነድ፣ ነፋሱ ሲያይል እዚያም ጣሪያው ሲንኳኳ እንደሚሰማት ነገረችኝ። በታላቁ ውርጭ ሳምንት አንድ ሰው ብቻውን ወጥቶ ወደ ሜዳው እያየ ይቆም ነበር። ያን በብርድ የተቃጠለ ጉንጩን ከዚያ ርቀት ማየት አትችልም፤ አቋቋሙን ግን አውቃዋለች።

"ከርሟል፣ ራብጋይስ" አለችኝ። "እዚሁ ከኔ ጋር ከርሟል። ያስቀምጥ እንጂ።"

ድንጋዩን ወደ ቦታው መለስኩት። አኔ ኩንዜስ ነጩን ከጥቁሩ አጠገብ አደረገች፤ ጎን ለጎን፣ እንደ ድሮው። በአውራ ጣቷ ቅቤ ቀባችው። ቅቤው ስለተረፋት ጥቁሩንም ደግማ ቀባችው።

"የማን ልጅ ነህ ብዬው አልነበር?" አለችኝ። "ይኸው ነገረኝ። የድሮልካር የልጅ ልጅ ነው።"

ይህን ብላ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገችና ጆሮ ቆራጣዋን ልትፈልግ ሄደች።